ስለ ዱባ፤ አተካከሉ፣ አቀማመጡና ለሕፃናት ዓይን ያለው ጥቅም

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ሁለቱም በአንድ አጥር ላይ ሐረጋቸውን ስበው በአንድ ክረምት ሲያድጉ ላያቸው ሰው የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ ነገር ግን አንዱ ደርቆ የቤት ዕቃ ሲሆን ሁለተኛው የሰው ምግብ ነው። በዚህ ወር ስለ ዱባ ለመጻፍ የተነሣነው ግን ጓሮን የሚያስጌጥ ተክል ስለሆነ ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው የድሀ ምግብ ነው ብሎ የሚንቀው ይህ ተክል ሕፃናትን ከዳፍንትና ከዕውርነት ለመጠበቅ ከሚረዱት ምግቦች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ አንዳንዱ ያለ ጊዜው ተቀጥፎ ሲጣል፣ አንዳንዱ በአቀማመጥ ጉድለት ሲበሰብስ፣ አንዳንዱም ያለ ዘይት ተቀቅሎ ጥቅሙ ሲባክን ስለምንመለከት ነው።

፩. ዱባ ከወዴት መጣ

ቅል የአፍሪካ ተወላጅ ነው። የዱባ የትውልድ አገር ግን አሜሪካ ነው። በሜክሲኮ አገር ኦሐካ በሚባለው ክፍል ከሚገኝ አንድ ዋሻ ውስጥ የተገኙ የዱባ ዘሮች ዕድሜያቸው ወደ 10,000 ዓመት እንደሚጠጋ የጥንት ዘመን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ከዚያ ወጥቶ ወደ አውሮፓ፣ ወደ እስያና ወደ አፍሪካ የተዛመተው ኮሎምቦስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1492 ዓ.ም. አሜሪካ ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ተረቱ ካሰበው በላይ እውነት ሆኖ ተገኝቷል፤ ዱባና ቅል አበቃቀላቸው ብቻ ሳይሆን አገራቸውም ለየቅል ነው።

የዱባ ወገን ብዙ ነው። ክብ፣ ሞላላ፣ ልጣጩ አረንጓዴ፣ ግራጫ ወይም ብርቱካንማ የሆነ ይገኛል። በገበያ ዝኩኒ እየተባለ የሚሸጠው ረዘም ያለ አትክልትም ገና ለጋ ሳለ የሚቀጠፍ የዱባ ወገን ነው። ለዓይን ጤና የሚበልጠው ግን በሐረጉ ላይ በሚገባ የበሰለው፣ ውስጡ ደማቅ ብርቱካንማ የሆነው ዱባ ነው። ውስጡ ነጣ ያለ ዱባ ሆድ ይሞላል እንጂ በዚህ ረገድ የሚሰጠው ጥቅም እጅግ ያነሰ ነው።

፪. ዳፍንትና የዱባ ቀለም

በዓይናችን ውስጥ፣ በስተጀርባ በኩል፣ ብርሃንን የሚቀበል ክፍል አለ። ይህ ክፍል በደብዛዛ ብርሃን ለማየት የሚያስችለውን ቀለም የሚሠራው ቪታሚን ኤ ከሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ቪታሚን ኤ ከሰውነት ሲጎድል ቀድሞ ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ ዳፍንት ነው። ልጁ ቀን ቀን ደኅና እያየ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን በርጩማና ደረጃ መለየት ያቅተዋል፤ ይደናቀፋል፤ እኩዮቹ ሲጫወቱ እርሱ ከእናቱ ሥር ይቀመጣል። ወላጆቹም ፈሪ ወይም ሰነፍ ሆነ ይሉታል። ጉድለቱ ከቀጠለ የዓይኑ ነጭ ክፍል ይደርቃል፤ አረፋ የመሰለ ነጭ ምልክትም ይታይበታል። በመጨረሻም የዓይኑን ጥቁር ክፍል ከፊት የሚሸፍነው ጥርት ያለ ገለፈት ቆስሎ ይፈርሳል፤ ያን ጊዜ የሚመልሰው መድኃኒት የለም። ኩፍኝ ወይም ብርቱ ተቅማጥ በያዘው ልጅ ላይ ይህ ሁሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊፈጸም ይችላል።

ጉዳቱም በዓይን ብቻ አይወሰንም። አልፍሬድ ሶመር የተባሉ የዓይን ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በኢንዶኔዥያ አገር በአቼ ያደረጉት ጥናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ፣ ቪታሚን ኤ በታደለባቸው መንደሮች የሕፃናት ሞት ካልታደለባቸው ይልቅ በአንድ ሦስተኛ ያህል ማነሱን አስረዳ። ቪታሚን ኤ የጎደለው ሰውነት በሽታን የሚመክትበት ኃይል ይዳከማልና።

ቪታሚን ኤ በቅቤ፣ በወተት፣ በእንቁላል አስኳልና በጉበት ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል። በቅቤና በእንቁላል አስኳል ውስጥ ያለ እርሱ ዕድገት የማይሆን ነገር መኖሩን ማኮለምና ዴቪስ የተባሉት አሜሪካውያን በ1913 ገለጹ። ዱባ ውስጥ ያለው ግን ራሱ ቪታሚን ኤ አይደለም፤ ካሮቲን የሚባለው ብርቱካንማ ቀለም ነው። ይህ ቀለም በሰውነት ውስጥ ወደ ቪታሚን ኤ እንደሚለወጥ ያስረዱት እንግሊዛዊው ቶማስ ሙር በ1930 ነው። እንግዲህ ወተትና እንቁላል በየቀኑ ለመግዛት አቅም የሌለው ቤተሰብ ከአጥሩ ላይ በሚቆርጠው ዱባ ከዚሁ ጥቅም ሊካፈል ይችላል ማለት ነው።

በቁጥርም ስንመለከተው፣ ቀለሙ በደመቀ ዱባ 100 ግራም ውስጥ 400 ማይክሮ ግራም ያህል ቪታሚን ኤ ሊተካ የሚችል ካሮቲን ይገኛል። የሁለት ዓመት ልጅ በቀን የሚያስፈልገው ከ300 እስከ 400 ማይክሮ ግራም ነው። ስለዚህ ከትልቅ ሰው መዳፍ የማይበልጥ አንድ የዱባ ቁራሽ፣ በአግባቡ ከተሠራ፣ ለአንድ ሕፃን የዕለት ድርሻ ሊበቃ ይቃረባል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ማሳሰብ ይገባናል። አንደኛ፤ ዱባ መከላከያ እንጂ የጸናውን ጉድለት ማዳኛ አይደለም። ዳፍንት የያዘው ልጅ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠውንም የቪታሚን ኤ እንክብል «እኛስ ዱባ እናበላለን» ብሎ ማስቀረት አይገባም። ሁለተኛ፤ ዱባ አዘውትሮ የሚበላ ልጅ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ሊመስል ይችላል። ይህ ጉዳት የለውም። የዓይኑ ነጭ ክፍል ቢጫ ከሆነ ግን ያ የዱባ ሥራ ሳይሆን የጉበት ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል።

፫. አተካከሉ

ዱባ ሙቀትና ፀሐይ ይወዳል፤ ውርጭ ግን ያጠፋዋል። በወይና ደጋ አገር የዝናቡ ወራት ሲገባ ይተከላል። ፀሐይ በሚደርስበት በአጥር አጠገብ ስፋቱና ጥልቀቱ 40 ሣንቲ ሜትር ያህል የሆነ ጉድጓድ ቆፍሮ በበሰበሰ ፍግና በአፈር ድብልቅ መሙላት ነው። ከአንዱ ጉድጓድ እስከ ሌላው ከ2 እስከ 3 ሜትር ይሁን። በየጉድጓዱ ሦስት ዘር በ2 ወይም በ3 ሣንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀበራል። መሬቱ ሙቀት ካለው በአንድ ሳምንት ገደማ ይበቅላል። ቡቃያዎቹ ቅጠል ሲያወጡ ጠንካራውን አስቀርቶ ሌሎቹን መንቀል ይገባል፤ ሦስቱን ማስቀረት ሦስቱንም ማቀጨጭ ነው።

ከጤና አጠባበቅ አንጻር ስለ ፍግ አንድ ነገር እንናገራለን። ማዳበሪያው በሚገባ የበሰበሰ የከብት ፍግ ወይም የቅጠል ብስባሽ መሆን አለበት። ከመጸዳጃ ጉድጓድ የወጣ አዛባ ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ከቶ መሆን የለበትም። የወስፋት ዕንቁላል በአፈር ውስጥ ለብዙ ወራት፣ አልፎም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ አትክልቱን የሚኮተኩተው ልጅም በጥፍሩ ሥር ይዞት ወደ አፉ ይመልሰዋል። ከጓሮ ሥራ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ስለዚህ የግድ ነው።

፬. አበባውና ንቡ

ብዙ ሰዎች «ዱባችን አበበ እንጂ አላፈራም» እያሉ ሲያማርሩ እንሰማለን፤ አንዳንዶችም መካን ነው ብለው ሐረጉን ይቆርጡታል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በአንድ ሐረግ ላይ ወንዴና ሴቴ የሆኑ ሁለት ዓይነት አበቦች ይወጣሉ። ቀድመው የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ ወንዴዎቹ ናቸው፤ እነርሱም በቀጭን ዘንግ ላይ የቆሙ ሲሆኑ አያፈሩም። ሴቴዋ አበባ በኋላ ትመጣለች፤ የምትታወቀውም ከአበባዋ በታች ትንሽ ዱባ የመሰለ እብጠት በመኖሩ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አበቦች ረግፈው ቢታዩ ታግሦ መጠበቅ እንጂ መቍረጥ አይገባም።

አበባው በማለዳ ተከፍቶ እኩለ ቀን ሳይሞላ ይዘጋል። በዚህ ጥቂት ሰዓት ውስጥ ከወንዴው ወደ ሴቴዋ የአበባ ዱቄት የሚያደርሰው ንብ ነው። ንብ ካልመጣ ትንሹ ዱባ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ንብ በማይበዛበት ከተማ ባለቤቱ ራሱ የንብን ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ በማለዳ ወንዴውን አበባ ቀጥፎ ቅጠሎቹን ከገፈፈ በኋላ መካከሉ ላይ ያለውን ዱቄት በሴቴዋ አበባ መካከል በቀስታ ማስነካት ነው። አበባ ላይ የተባይ መድኃኒት መርጨትም ንቡን መግደል፣ ንቡን መግደልም ዱባውን ማጣት ነው።

ዝንብ የወጋው፣ ትል የገባበት ለጋ ዱባ ከሐረጉ ሥር ተጥሎ መቅረት የለበትም፤ ሰብስቦ ከግማሽ ሜትር በማያንስ ጉድጓድ መቅበር የሚቀጥለውን ፍሬ ያድናል።

፭. መቼ ይቆረጣል፣ እንዴትስ ይቀመጣል

የዱባ ትልቁ ሀብቱ ሳይበላሽ መቆየቱ ነው። ነገር ግን የሚቆየው በጊዜው ለተቆረጠ ብቻ ነው። መብሰሉ የሚታወቀው በሦስት ምልክቶች ነው፤ ልጣጩን በጥፍር ሲጫኑት አይወጋም፤ ከሐረጉ ጋር የሚያያዘው እጀታው ደርቆ እንደ እንጨት ይጠነክራል፤ የልጣጩም ወዝ ጠፍቶ መልኩ ይደበዝዛል። ይህም ከተዘራ ከሦስት ወር ተኩል እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ፣ እንደ አገሩ ሙቀት፣ ይደርሳል። በደጋ አገር ውርጭ ሳይመታው መቁረጥ ያስፈልጋል።

ሲቆረጥ በስለት ሆኖ አንድ ጣት የሚያህል እጀታ ይቅርለት። እጀታ ብንለውም ማንጠልጠያ አይደለም፤ ዱባን በእርሱ ይዞ መሸከም ስብራት ያመጣል፤ እጀታው የተሰበረበት ስፍራም የብስባሽ መግቢያ በር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ለዐሥር ቀን ያህል በደረቅና ፀሐይ በሚያገኘው ስፍራ፣ ሌሊት ከጤዛና ከዝናብ ተከልሎ፣ ልጣጩ እንዲጠና ማድረግ ነው። ውኃ አይንካው፤ የሚታጠበው ሊቆረጥ ሲል ብቻ ነው።

የማስቀመጫው ስፍራ ቀዝቀዝ ያለ፣ ደረቅና ነፋስ የሚያገኘው ይሁን። ባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በቆጥ ወይም በመደርደሪያ ላይ ጭድ አንጥፎ፣ አንዱ ከሌላው ሳይነካካ መደርደር ነው። ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ዕድሜውን ያሳጥራል። በየሳምንቱ እየነኩ የለሰለሰውን ማውጣት ይገባል፤ አንድ የበሰበሰ ዱባ ጎረቤቱን ይዞ ይጠፋልና። እንዲህ የተያዘ ዱባ ከሁለት እስከ ሦስት ወር፣ ልጣጩ ጠንካራ የሆነው ዓይነትም ከዚያ በላይ ይቆያል። በኅዳር የተቆረጠው ጾመ ነቢያትን አልፎ የዐቢይ ጾም መባቻ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ ይኸውም ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ከብዙ ቤት በሚርቅበት ወራት መሆኑን ልብ ይሏል።

፮. ከገበያ የሚገዛ ዱባ

ጓሮ የሌለው የከተማ ሰው ዱባን በቁራሽ ይገዛል። ያልተቆረጠ ዱባ ልጣጩ ጋሻው ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ ግን ጋሻ የለውም። በመንገድ ዳር ተከፍቶ የዋለ ቁራሽ ዝንብ ሲያርፍበት፣ አቧራ ሲነሰነስበትና ብዙ እጅ ሲነካው ይውላል። ስለዚህ የሚቻል ቢሆን ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተባብረው ሙሉውን ገዝተው ቢካፈሉት ይሻላል፤ ባይቻል ባለቤቱ ፊት ለፊት በንጹሕ ቢላዋ የሚቆርጠውን መምረጥ ነው። እቤትም ልጣጩን ሳያጥቡ መቁረጥ በላዩ ያለውን አፈር ቢላዋው ወደ ውስጥ እንዲያስገባ ማድረግ ነው። የተቆረጠው በዕለቱ ቢሠራ መልካም ነው፤ ማቀዝቀዣ ያለው ሰውም ሸፍኖ ለጥቂት ቀን ያቆየዋል።

፯. አሠራሩ

ካሮቲን በውኃ አይሟሟም፤ የሚሟሟው በቅባት ነው። ስለዚህ ያለ አንዳች ቅባት የተቀቀለ ዱባ የበላ ልጅ ከካሮቲኑ የሚያገኘው ጥቂት ነው። ለአንድ ሕፃን አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ይበቃል። የጽሑፋችን ዋና ምክር በአንድ ቃል ቢጠቀለል ይኸው ነው፤ ዱባ ያለ ቅባት ለሕፃን አይሰጥ።

ለቤተሰብ የሚሆነው የዱባ ወጥ የታወቀ ነው፤ ሽንኩርት በዘይት ይቁላላል፤ በርበሬ ወይም ለአልጫ የሚሆን እርድ ይጨመርበታል፤ ነጭ ሽንኩርትና የተቆራረጠው ዱባ ገብቶ በጥቂት ውኃ፣ ክዳኑ ተዘግቶ ይበስላል። ዱባ ራሱ ውኃ ያወጣልና ብዙ ውኃ መጨመርና በኋላም መድፋት አይገባም።

ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ደግሞ ዱባውን በጥቂት ውኃ ቀቅሎ፣ በንጹሕ ዕቃ አድቅቆ፣ ዘይቱን ጨምሮ፣ ከማንኪያ ላይ ቶሎ የማይፈስ ወፍራም ገንፎ ማድረግ ነው። ይሁን እንጂ ከዱባ ከመቶው ዘጠና እጁ ውኃ ስለሆነ ብቻውን ሕፃን አያሳድግም፤ ከምስር፣ ከሽሮ ወይም ከእህል ዱቄት ጋር ተደባልቆ፣ የእናቱም ጡት ሳይቋረጥ ሊሰጠው ይገባል።

፰. ፍሬውና ቅጠሉ

የዱባን ፍሬ መጣል ትርፍን መጣል ነው። ከደረቀው ፍሬ 100 ግራም ውስጥ 30 ግራም ያህሉ ፕሮቲን፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ቅባት ነው፤ ዚንክና ማግኔዚየም የሚባሉትም ማዕድኖች ይገኙበታል። በኦስትሪያ አገር ሽታየርማርክ በሚባለው ክፍል ከዱባ ፍሬ ጥቁር አረንጓዴ ዘይት እየጨመቁ በምግብ ላይ ያደርጉታል። እኛ ዘንድ አጥቦ፣ አድርቆና ቆልቶ መብላት ይበቃል። ማኘክ ለማይችሉ ሕፃናት ግን ትን እንዳይላቸው ቀርፎና ፈጭቶ በገንፎ ላይ መነስነስ ይገባል።

የዱባ ፍሬ ለኮሶ ትል መድኃኒት እንደሆነ ከጥንት ጀምሮ ይነገራል። ኮሶ ያለበት ሰው ግን በጓሮ መድኃኒት ጊዜ ከማጥፋት ይልቅ በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን መጠኑ የታወቀ መድኃኒት መውሰድ አለበት። የትሉም ምንጭ በሚገባ ያልበሰለ የበሬ ሥጋ መሆኑን አንርሳ።

ለጋው የዱባ ቅጠል በብዙ የአፍሪካ አገሮች እንደ ጎመን ይበላል። በዛምቢያ ቺብዋብዋ፣ በዚምባብዌ ሙቦራ ይሉታል። እርሱም ካሮቲን ስላለው፣ ከሐረጉ ጫፍ ጥቂት ጥቂት ቀጥፎ፣ አጥቦና ከትፎ በዘይት ማብሰል ዱባው እስኪደርስ ላለው ጊዜ መልካም ምግብ ነው።

፱. ስለ መራራ ዱባ ማስጠንቀቂያ

ዱባ ወይም ዝኩኒ ሲቀምሱት መራራ ከሆነ መትፋትና መጣል ነው። ምሬቱ የሚመጣው ኩኩርቢታሲን ከሚባል መርዝ ነው፤ ማብሰልም አያጠፋውም፤ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. በጀርመን አገር አንድ ሽማግሌ በጓሮ ከበቀለ መራራ ዝኩኒ የተሠራ ምግብ በልተው ሕይወታቸው አልፏል። ይህ መርዝ የሚመለሰው ለጌጥ ከሚተከሉ መራራ የዱባ ዓይነቶች ጋር በተዳቀለ ዘር ነው። ስለዚህ ዘር የሚያስቀር ሰው ጣፋጩን ዱባ ቀምሶ ያስቀር፤ የጌጥ ዱባም በአጠገቡ አይትከል። ቅል ግን፣ አጥሩን ቢጋራውም፣ ከዱባ ጋር አይዳቀልም።

፲. ለመምህራን

መምህራን ሆይ፣ በዚህ ነገር ከሐኪም የማያንስ ሥራ በእጃችሁ ነው። በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አራት ጉድጓድ ቢቆፈር ዘር፣ አበባ፣ ንብና ፍሬ በአንድ ስፍራ የሚታዩበት የሥነ ፍጥረት መማሪያ ይሆናል። ወንዴውንና ሴቴውን አበባ ለይቶ ያሳየ ተማሪ ያንን ትምህርት አይረሳውም፤ ማታም ለእናቱ ይነግራታል።

ከዚህም በላይ ተማሪዎቻችሁን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፤ «ከታናናሾቻችሁ መካከል ሲመሽ የሚደናቀፍ፣ ምግቡን በዳሰሳ የሚፈልግ አለን?» አለ የሚል ተማሪ ቢገኝ ወላጆቹን አስጠርታችሁ ሕፃኑን በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ምከሩ። ገለፈቱ ሳይቆስል የተደረሰለት ዓይን ይድናል፤ ከቆሰለ በኋላ ግን ጠባሳው አይጠፋም።

ዱባን መናቅ ይቅር። የአንድ ሐረግ ሁለትና ሦስት ዱባ፣ በጊዜው ተቆርጦ፣ በቆጥ ላይ በደኅና ተቀምጦ፣ በጥቂት ዘይት ተሠርቶ ሲቀርብ ለሕፃኑ የዓይኑ ብርሃን ጠባቂ ነው። ዘሩ በእጃችን፣ መሬቱም በደጃችን ነው፤ የዘንድሮው ክረምት ሳያልፍ እንትከል።